ግድግዳ የሚያበራ መብራት

የገዛ መብራቱ ያሳወረው ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨለማ ሳይሆን መብራት፤ ያውም አዲስ፣ ተጨብጭቦለት የተገጠመ መብራት? ካላያችሁ፣ ጉም ተራራው ወገብ ላይ በተኛበት በዚያ ጠዋት ከጤና ጣቢያው የመስክ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነበረባችሁ።

ሾፌሩ መሪውን ጨምድዶ ይዞ አንገቱን አስግጓል። አፍንጫው የፊት መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከጎኑ ነርሷ የክትባቱን ሳጥን እግሮቿ መሃል አጣብቃ ተቀምጣለች። ከተራራው ማዶ ያሉ እናቶች ሕፃናት አዝለው እንደሚጠብቋት ሁለቱም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ጉሙ እስኪነሳ ከተራራው ሥር ሳይቆሙ መውጣት የጀመሩት።

"አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ ቆመን ብንጠብቅ?" አለችው።

"የት? መንገድ መሃል? ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ጠፍጥፎን ይሄዳል። ከመታጠፊያው በኋላ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ድረስ ብቻ።"

"እንግዲያው እነዚያን አዳዲስ መብራቶችህን አብራቸው። ለሠርግ ነው እንዴ ያስገጠምካቸው?"

እውነቷን ነበር። መብራቶቹ ከተገጠሙ ወዲህ ጉም ሲያጋጥማቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሾፌሩ ማብሪያውን ተጫነ።

ዓለም ነጭ ሆነች። አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ፊታቸው ላይ የወረወረ መሰለ። ብርሃኑ ወደ መንገዱ መውረድ ሲገባው ከጉሙ ጋር ተላትሞ ተመልሶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። መንገዱ ጠፋ። የመንገዱ ጠርዝ ጠፋ። የመኪናዋ የገዛ አፍንጫ እንኳ አልታይ አለ።

"አጥፋው! አጥፋው በፈጠረህ!"

አጠፋው። ግን ረፍዷል። ያን ሁሉ ነጭ የዋጠ ዓይን በግራጫው ውስጥ ምንም ማየት አልቻለም፤ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቻ ይጨፍርበት ጀመር። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተች፣ የግራ ጎማዋ ባዶ ረገጠ፣ ሆዷ ከመንገዱ ዳር ከተደረደረው ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ብረቱ አለቀሰ። ነርሷ ሳጥኑን ለማዳን ስትል በቀኝ እጇ ከፊቷ ያለውን ዳሽቦርድ ገፋች። ቀጭን ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

መኪናዋ ዘመም ብላ ቆመች።

ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበ። "ሲስተር?"

"አለሁ። እጄን እንጃ።"

"የትኛው?"

"ሌላ የትኛው ይሆናል! የምወጋበት ነዋ።"

በእሷ በኩል ባለው በር ተከታትለው ወረዱ። የግራው የፊት ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። መኪናዋን የያዛት አንድ ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ መሬት የለም፤ ጉም ብቻ ነው። ሾፌሩ ጠርዙ ላይ እንደቆመ ከእግሩ ሥር፣ በጣም ከታች፣ ላም ስትጮህ ሰማ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ።

ዞር ሲል መብራቶቹን አያቸው። ከሞተሩ ክዳን ትይዩ፣ በፊት በኩል ባለው የብረት መከላከያ አናት ላይ፣ አራት ማዕዘን ሆነው፣ በብልጭልጭ ጠርዛቸው አሸብርቀው ጉብ ብለዋል። መኪናዋ ተጨርምታለች፣ የሰው አጥንት ተሰብሯል፤ እነሱን ግን ጭረት እንኳ አልነካቸውም። ምራቁን እንትፍ አለና ነርሷን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ክንዷን በአንገት ልብሷ ጠቅልሎ አሰረላት።

"አስተሳሰርህ ያስጠላል" አለችው ጥርሷን ነክሳ። "ግን አትፍታው።"

*

መኪናዋን ጤና ጣቢያው ውስጥ "አሮጊቷ" ይሏታል። ከአንዳንዶቹ ነርሶች በዕድሜ ትበልጣለች። መቀመጫዋ ተቀዷል፣ በሯ ሲዘጋ የመድፍ ያህል ይጮኻል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ ስትወጣ አብረዋት የመጡ ሁለት የጉም መብራቶች ነበሯት። ከፊቷ ግርጌ ባለው ፓራውልት ውስጥ፣ የሰው ቅልጥም በሚደርስበት ከፍታ የተቀበሩ፣ ክብ፣ ወፍራም መስታወት ያላቸው። ለማየት ምንም አይደሉም። ሲበሩም አያንጸባርቁም። ግን ብርሃናቸው ከላይ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ በጉሙ ሥር ሾልኮ ግራና ቀኝ ይዘረጋና የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል። ሾፌሩ ያንን ተራራ በጉም ሲሻገር የኖረው እነሱን ተማምኖ ነው።

ከዚያ የግራው አልበራ አለ። ሾፌሩ የጠየቀው አምፖል እንዲቀየርለት ነው። አምፖል! የስምሪት ኃላፊው ግን፣ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ ከቢሮው ወጥቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ያን ዕለት ራሱ ግቢ ድረስ ወረደ። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቁጢጥ አለ፣ መስታወቱን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና "እነዚህማ ጊዜ አልፎባቸዋል። ሁለቱም ወልቀው በዘመናዊ ይተኩ" ብሎ አዘዘ። ሾፌሩ አለቃው ለአሮጊቷ ይህን ያህል ማሰቡ ገርሞት ነበር።

ሥራው የተሰጠው ለሾፌሩ የሚስት ወንድም ነው። ጋራዥ አለው፤ ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይለዋል፣ እሱም ስሙን ወዶታል። መብራቱ ተገጥሞ ያለቀ ዕለት በዚያ አገር እንደሚደረገው ተደረገ። የጋራዡ በር ተዘጋ፣ አሮጊቷ ከግድግዳው ፊት ቆመች፣ መብራቱ ተለቀቀ። በዚያ አገር መብራት የሚፈተሸው እንዲህ ነው። ግድግዳውን ይበልጥ ያነጣው መብራት ጎበዝ መብራት ይባላል፤ ምስጋና ይግባውና ግድግዳ ገደል የለውም። ግድግዳው በረዶ መሰለ፤ የምስማሮቹ ቀዳዳ ሳይቀር ታየ። የጋራዡ ሰዎች አጨበጨቡ። ኃላፊው አጨበጨበ። ሾፌሩም አጨበጨበ።

*

በመንገደኛ መኪና ነርሷን ሆስፒታል አድርሶ፣ እጇ በጀሶ ሲጠቀለል አጠገቧ ቆሞ፣ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። የሚስቱ ወንድም ከአንድ መኪና ሥር ተኝቷል። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

"ውጣ" አለው ሾፌሩ።

"ጋሼ? ሰማሁ እኮ! እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ይቺን ቡሎን ላጥብቅና..."

"ውጣ አልኩህ። ከጫማ ጋር አላወራም።"

ሰውዬው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ላይ ግሪስ አለ። ከሾፌሩ ዓይን ዓይኑን ሸሽቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ የጠረገውን ጣት ደግሞ ይጠርጋል።

"የድሮዎቹ መብራቶች የት አሉ?"

"የትኞቹ?"

"አታድርቀኝ።"

"እነዚያማ ተጣሉ። አሮጌ አልነበሩ?"

"ተጣሉ?" ሾፌሩ ግቢውን በዓይኑ ዞረው። በየጥጉ የዛገ ጭስ ማውጫ፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣ መስታወት የሌለው በር ተቆልሏል። "እዚህ ቤት ምን ተጥሎ ያውቃል? የሞተ ሞተር አስከሬኑን ለዓመታት ታቅፈህ ተቀምጠህ፣ የሚበራ መብራት ጣልኩ ትለኛለህ?"

"የሚበራ እንኳ አንዱ ብቻ..."

"የት ነው ያሉት?"

ኢንጂነሩ ወደ በሩ አየ፤ የሚሰማ ሰው እንደሌለ አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አለቃህ ጋ ናቸው።"

"አለቃዬ ጋ ምን ያደርጋሉ?"

"መኪናው ላይ ናቸዋ። እሱም እኮ አሮጌ ገዝቷል፤ የአሮጊቷ መንታ እህት በላት። ስትገዛ የጉም መብራት አልነበራትም። ኦሪጅናሉ ደግሞ ዛሬ አገር ቢታሰስ አይገኝም። 'አውልቀህ ለኔ ግጠማቸው፣ ለነሱ አዲስ እንገዛላቸዋለን' አለኝ። እኔ ምን ልበል?"

አለቃው ቁጢጥ ብሎ መስታወቱን በጥፍሩ የመታበት ነገር አሁን ለሾፌሩ ገባው። ሐብሐብ የሚመርጥ ገዢ ነበር ለካ።

"የግራውስ? ምን ነበር የሆነው?"

"ኧረ ምንም አልሆነም። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ መቀመጫውም ትንሽ ዝጎ ነበር። ጠረግሁት፣ አምፖል ቀየርኩ፣ ቦግ አለ።" ይህን ሲል በሥራው የመኩራት ነገር ፊቱ ላይ ብልጭ አለ፤ ወዲያው አፈረና ጨርቁን ያገላብጥ ጀመር።

"የኔዎቹንስ ለምን ከላይ ሰቀልካቸው? የጉም መብራት አናት ላይ ይሰቀላል?"

"ከታች አልገባ አሉኛ! ቀዳዳው ክብ ነው፤ እነሱ አራት ማዕዘን። ፓራውልቱን ልቁረጠው? ቀዳዳውን በፕላስቲክ ደፈንኩትና ከላይ አደረግኋቸው። ደግሞ ከላይ ያምራሉ። ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚያስገጥመው፤ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ብለህ እይ።"

"ከተማ ውስጥ ጉም አለ?"

ኢንጂነሩ አጎንብሶ ከመሬት ቡሎን አነሳ።

"ጠይቄሃለሁ እኮ። ጉም አለ?"

"ጋሼ፣ ሙት፣ ስሜን እንዳታነሳ" አለ ሰውዬው በመጨረሻ። "የጤና ጣቢያው መኪና ሁሉ ወደኔ የሚመጣው በእሱ ነው። እሱ ፊቱን ካዞረብኝ ነገ ይህን በር ዘግቼ ቁጭ ነው።"

"ሲስተር እጇ ተሰብሯል።"

"ይማራት" አለ። ላነጠሰ ሰው እንደሚባለው፣ ፈጠን አድርጎ፣ ቶሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ለማለፍ።

ሾፌሩ ይህችን አንዲት ቃል ይዞ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ጥርሱ ሥር እንደገባ አሸዋ ስትንቋቋበት ሄደች። የሌባ ሌባነት ያልገረመውን ያህል ይህ የመጥረጊያ ጨርቅ፣ ይህ "ይማራት"፣ ይህ "ያምራሉ" አንገበገበው። አንድ ሰው ይሰርቃል። ሌላው ያወልቅለታል። ከዚያ ሁለቱ ሆነው በተሰረቀው ምትክ ጌጥ ይሰቅሉና ጭብጨባ ይጠብቃሉ! ሌብነት በስውር ይሠራ የነበረበት ዘመን ምን ነበረበት? ቢያንስ ተሰራቂው እንዲያጨበጭብ አይጠበቅበትም ነበር።

*

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሸሚዙን እየተኮሰች ነው። ቀና አላለችም። ካውያውን ከእጅጌ ወደ ኮሌታ፣ ከኮሌታ ወደ እጅጌ ስትመላልሰው አየና ወሬው ቀድሞት እንደገባ አወቀ።

"ደወለልሽ አይደል?"

"ደወለ።"

"ምን አለ?"

"አለቀሰ።"

"እሱ! ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው እሱ ነው እንዴ?"

"አትጩህብኝ። እኔ አይደለሁም የሰቀልኩት።" ካውያውን አቆመችው። "አለቃህ ነግሮታል። ነገ ቢሮ ትጠራለህ። 'ጥንቃቄ ጎድሎኝ ነው' ብለህ ካመንክ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ለጊዜው መኪናውን ሌላ ሰው ይይዛል፤ አንተ ግቢ ውስጥ ትሠራለህ።"

"ግቢ ውስጥ ምን ሆኜ? ዘበኛ?"

"ዘበኝነት ምን ነውር አለው?"

"ነውር የለውም። ዘበኛ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣ ሌባ ነው። የኛ ከውስጥ ሆኖ ነው እንጂ።"

ሳትወድ ከንፈሯ ሊፈግግ ነበር፤ ከለከለችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በዝግታ ተናገረች። "ወንድሜ ነው። እማዬን በየወሩ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ ነው። ጋራዡ ከተዘጋ እሷም አብራ ትወድቃለች። አንተ ደግሞ ሰው ያውቅሃል። አንዴ አጠፋሁ ብትል ማንም ክፉ ሾፌር ነው አይልህም። ምን ይጎድልብሃል?"

ሾፌሩ ጫማውን ማውለቅ ጀምሮ ተወው። "እጁ ስቶ ቢሆን ኖሮ ዝም እላለሁ። ሙት ብሎኛል፤ ስለ አንቺ ስል እሞትለት ነበር። ሰው ይሳሳታል። ይሄ ግን ስህተት አይደለም። የሚያየውን ዓይኔን አውጥቶ ለሌላ ሰው ተከለው፤ ለእኔ መስታወት ሰጠኝ። እናም እሱን ዝም ብዬ እኔ ጥፋተኛ ልሁን?"

"ስለ እህትነቴ ነው የምለምንህ እንጂ ልክ ነው አላልኩህም።"

ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ በጣም ደስ ብሎት ያወራል።

"ሲስተርስ?" አለች ቆይታ። "እንዴት ነች?"

"በሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ሐኪሙን 'ጣቶቼ መርፌ ይይዛሉ ወይ?' ብላ ጠየቀችው። 'እስኪ ጀሶው ይውጣ' አላት። ከዚያ ወዲያ ምንም አላወራችም። ስትቀልድ የዋለች ሴትዮ ዝም አለች።"

ሚስቱ ተነሳች። ያቆመችውን ካውያ መልሳ ያዘችና ኮሌታውን እንደገና ተኮሰችው፤ አንዴ ብቻ፣ በሙሉ ክብደቷ። ከዚያ ሸሚዙን መስቀያ ላይ ሰቀለችው።

"የምትለውን ቀድመህ አትንገረኝ" አለችው። "ብትነግረኝ እለምንሃለሁ፤ ብለምንህ ደግሞ ትሰማኝ ይሆናል። ይህን ልበስ። እንደ ጥፋተኛ ተጨማድደህ እፊታቸው እንዳትቆም።"

*

በማግስቱ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ሲገባ የሚስቱ ወንድም ቀድሞ ተቀምጧል። ታጥቧል፤ ኮት ለብሷል። ከወንበሩ ከፍ ብሎ ሰላም ሊለው ሞከረና ግማሽ ላይ ቀረ።

ኃላፊው ራሱ ተነስቶ በሩን ዘጋ። የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ። "ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ሕይወት መትረፉ ነው ዋናው ነገር። ንብረት ይተካል።"

"የሲስተር እጅም ይተካል?"

"እሱ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ አንገባበትም። እኛ በኛ በኩል ያለውን እንጨርስ።" ወደ ወንበሩ ተመለሰ። "እንግዲህ ጉም ነው። ከጉም ጋር ክርክር የለም። አንተ ትንሽ ቸኩለሃል፤ ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል። ጥንቃቄ ጎድሎኛል ትላለህ፣ እኔ ማስጠንቀቂያ እሰጥሃለሁ፣ ነገሩ ከዚህ ክፍል ሳይወጣ ያልቃል። ቤተሰብ ነን።"

"ማን ነው ቤተሰብ?"

"ሁላችንም!" ኃላፊው በእጁ ሦስቱንም ጠቅልሎ አሳየ። ኢንጂነሩ ጫማውን ያይ ነበር።

"የማየውን የወሰደብኝ ጉም ሳይሆን መብራቱ ነው፣ አለቃ" አለ ሾፌሩ። "የድሮዎቹ ቢኖሩ ጠርዙን አየው ነበር።"

"አይ እንግዲህ! ወደኋላ አትመልሰን። ያን ዕለት ሁላችንም ነበርን። አንተም አጨብጭበህ ነው የተረከብከው። አላጨበጨብክም?"

"አጨብጭቤያለሁ።"

"አየህ!"

"ግድግዳ ሲበራ አይቼ ነው ያጨበጨብኩት። እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ አልነዳም።"

ኃላፊው ሳቀ፤ ረጅም፣ ደግ ሳቅ። ልጅ ሲያኮርፍ የሚሳቀው ዓይነት። "ጉልበት አንሷቸው ከሆነ ግድ የለም፤ ከዚህ የባሰ ኃይለኛ እናስመጣለን። ኢንጂነር እዚህ አለልህ። ለማንኛውም አሮጊቷ ተጎትታ ገብታለች፤ ዛሬ ማታ ከጋራዥ ትወጣለች። ነገ ጠዋት ክትባቱን ይዛ ትሻገራለች፤ አዲሱን ሾፌር መድበነዋል።"

"በእነዚያው መብራቶች?"

"ምን ሆኑ?" አለ ኃላፊው፣ ከልቡ ገርሞት። "አልተሰበሩም እኮ።"

ሾፌሩ ሰውዬውን ትኩር ብሎ አየው። የተላጨ፣ የታጠበ፣ ሽቶ የተቀባ ፊት። በዚህ ፊት ላይ ክፋት እንኳ አይታይም፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ይሻል ነበር። ያለው የጠገበ ሰው እርጋታ ብቻ ነው። ነገ ሌላ ሰው ያን ማብሪያ ይጫናል። አዲሱ ሾፌር ተራራውን አያውቀውም። ድንጋዩ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የመያዝ ግዴታ የለበትም።

ኃላፊው ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። "ተስማማን ማለት ነው።"

እጁ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ቆየ። ለስላሳ እጅ ነው፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ረዘም ብሎ ተሞርዷል። ሾፌሩ አልጨበጠውም። ተነሳና በሩን ከፈተው። ወለል አድርጎ ከፈተና ሳይዘጋው ወጣ።

"የት ነው? ጨርሰናል እኮ!" አለ ኃላፊው ከኋላው።

ግቢው በሰው ሞልቷል። የክትባት ቀን ስለሆነ እናቶች ከካርድ ክፍሉ እስከ ዋናው በር ተሰልፈዋል። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ሠራተኞቹ በየበሩ ቆመዋል። ነርሷ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከአጥሩ ሥር፣ በጥላው ውስጥ፣ የኃላፊው አሮጌ መኪና ታጥባ ቆማለች። ዝቅ ብሎ ፓራውልቷ ውስጥ ሁለቱ ክብ መብራቶች ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። እጁን በአንደኛው መብራት ላይ አሳረፈ። መስታወቱ በጥላው ውስጥ ቀዝቅዟል።

ኃላፊው እየተጣደፈ ደረጃውን ወረደ፤ ከኋላው የሚስቱ ወንድም።

"ምን ነካህ አንተ? ና ግባና እንነጋገር!"

"ተነጋግረናል፣ አለቃ። አሁን እዚህ እናውራ።"

"ሥርዓት ያዝ! ሰው እያየን ነው!"

"ለዚህ ነው የወጣሁት።"

"ጋሼ፣ በእህቴ!" አለ ኢንጂነሩ። ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ። "በእህቴ ይዤሃለሁ!"

ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየው። የኮቱ እጅጌ ረዝሞበት ጣቶቹን ሸፍኗል። ለአፍታ ያህል ሁሉም ነገር ሊቀር ነበር፤ አማቱ፣ የሐኪም ቤቱ ወረፋ፣ የሚዘጋው በር ሁሉ በዓይኑ ሄደ። ዓይኑን ከሰውዬው ላይ ሳይነቅል ሸሚዙን አስተካከለ።

"የምጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው" ብሎ ጀመረ።

"ድምፅህን ከፍ አድርገው!" አለች ነርሷ ከአግዳሚው ላይ። "ከኋላ ያሉት አይሰሙም!"

ከሰልፉ ውስጥ አንዷ እናት ልጇን ወደ ጀርባዋ አዙራ ቀረብ አለች። ከዚያ ሌላዋ። ሠራተኞቹም ከየበሩ አንድ አንድ እርምጃ ወጡ።

ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ነገ አንድ ሰው በጉም ውስጥ የእናንተን ልጆች ክትባት ይዞ ተራራውን ይሻገራል። የሚያሻግሩት መብራቶች ግን እዚህ፣ በዚህ ጥላ ሥር ቆመዋል። አለቃ፣ መኪናዋ የርስዎ ናት፤ አልነካትም። እነዚህ ሁለት መብራቶች ግን የማን ናቸው? ማን ነው ያስወለቃቸው? ኢንጂነር፣ አንተም ና፣ አጠገባቸው ቁም፤ ያወለቅከው አንተ ነህ። ቢሮ ውስጥ መልስ አልፈልግም። ለብቻዬም አልፈልግም። እዚህ፣ ሲስተር ፊት፣ እነዚህ እናቶች ፊት፣ አፋችሁን ከፍታችሁ መልሱ!"